አስታማሚ፣ ፋይል እና አንድ ጠረጴዛ

በአገራችን አንድ ሰው ሲታመም ሆስፒታል የሚገባው ሁለት ሰው ነው። አንዱ በሽተኛው፣ ሌላው አስታማሚው። በሽተኛው አልጋ ሲይዝ አስታማሚው ወረፋ ይይዛል። በሽተኛው ደም ሲሰጥ አስታማሚው ደሙን ይዞ ላቦራቶሪ ፍለጋ ይሮጣል። ዶክተሩ «ውጤቱ የታለ?» ሲል የሚደነግጠውም በሽተኛው ሳይሆን አስታማሚው ነው። ለዚህ ሥራ ዲግሪ አይሰጥም፣ ደመወዝም የለውም። ያለ እሱ ግን የአገራችን ሕክምና አንድ ቀን ውሎ የሚያድር አይመስለንም።

እኛ ይህን ሥራ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሠርተናል። «እኛ» ማለት ሦስት ነን፤ ሁለት እህትማማቾችና አንዲት የአጎት ልጅ። አንዳችን በጋዜጠኝነት ተመርቀናል (ሥራ ተገኘ ወይ ብላችሁ አትጠይቁን)፣ አንዳችን ባንክ ቤት እንሠራለን፣ አንዳችን ደግሞ ገና ኮሌጅ ነን። ያስታመምናት አክስታችንን ነው። እቴቴ እንላታለን። ዕድሜዋ 46፣ አገሯ ደሴ፣ ሥራዋ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ መሸጥ፣ በሽታዋ የጡት ካንሰር።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ድካማችን አይደለም። ድካም ማንም ቤት አለ። የምንጽፈው በዚያ ሁሉ ሩጫ መሀል ስላየነው አንድ ነገር ነው፦ ሐኪሞች ተሰብስበው ስለ አንዲት በሽተኛ ሲነጋገሩ ምን እንደሚለወጥ።

ስምንት በር

እቴቴ እብጠቱን ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። አያምም ነበር። የማያም ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ በሽታ አይባልም። ጥቂት ወራት ጠበል ተጠመቀች፣ ጥቂት ወራት «የሥራ ብዛት ነው» አለች፤ በመጨረሻ ብብቷ ሥር ሌላ እብጠት ሲወጣ አዲስ አበባ መጣች። (ይህን የምናነሳው እሷን ለመውቀስ አይደለም። የጡት ካንሰር ሲጀምር በአብዛኛው ስለማያም ነው። እብጠቱ አላመመኝም ብላችሁ ቤት አትቀመጡ!)

ከዚያ በሮቹ መጡ። ቀዶ ሐኪም አንድ። አልትራሳውንድና ማሞግራፊ ሁለት። በመርፌ ናሙና የሚወሰድበት ክፍል ሦስት። ናሙናው የሚመረመርበት ፓቶሎጂ አራት። ሲቲ ስካን አምስት። የልብ አልትራሳውንድ ስድስት። የኬሞ ሐኪም ሰባት። የጨረር ሐኪም ስምንት። ከእነዚህ በሮች ግማሾቹ አንድ ግቢ ውስጥ አይገኙም፤ ታክሲ ተይዞ ነው የሚኬድባቸው።

እያንዳንዱ በር ጀርባ የተቀመጠው ሰው የተማረ፣ የደከመውና በአብዛኛውም ደግ ነው። እውነቱን እንናገር ካልን ችግሩ ሰዎቹ ጋ አልነበረም። ችግሩ በበሮቹ መካከል ያለው ኮሪደር ነው። ኮሪደሩ የማንም አይደለም። እዚያ ያለው አስታማሚ ብቻ ነው፤ በፌስታል የተጠቀለለ ፋይል ታቅፎ፣ አንዱ ሐኪም ያለውን ለሌላው ሐኪም በገባው መጠን እያስረዳ። የሕክምና ቃል የማያውቅ ሰው የሕክምና መልእክተኛ ሲሆን አስቡት።

መጀመሪያ የሄድንበት ሆስፒታል (ስሙ ይቆየን) የነበሩት ቀዶ ሐኪም እቴቴን ለጥቂት ደቂቃ አይተው «ጡቱ መውጣት አለበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትግባ» አሉን። ሲቲ አልተነሳችም። ናሙናዋ ካንሰር መሆኑን እንጂ ምን ዓይነት ካንሰር መሆኑን የጠየቀ አልነበረም። በሳምንቱ ሻንጣ ይዘን ስንቀርብ አልጋ የለም ተባለና ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልን። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የእቴቴን ሕክምና መንገድ ያስቀየረው የአልጋ እጥረት ነው!

«ቦርድ ወጣላት?»

በሁለተኛው ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም እብጠቱን በማስመሪያ ለካ፣ ብብቷን ደባብሶ አየ፣ ጻፈ፣ ከዚያም «ሐሙስ ቦርድ ላይ ትቀርባለች» አለን።

በእኛ አገር ቦርድ ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ወሬው ደሴ ከመድረሱ ስልኩ ይንጫጫ ጀመር። «ቦርድ ወጣላት? ታይላንድ ነው ህንድ?» የዕድር ሰዎች ገንዘብ ለማዋጣት ስብሰባ ሊጠሩ ነበር። ኧረ ይቺኛዋ ቦርድ አገር ውስጥ ናት! ሐኪሞቹ ቱመር ቦርድ ይሏታል። በሳምንት አንድ ቀን ቀዶ ሐኪሙ፣ የኬሞና የጨረር ሐኪሙ፣ ናሙናውን ያየው ፓቶሎጂስትና ምስሉን ያነበበው ራዲዮሎጂስት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የበሽተኞችን ፋይል አንድ በአንድ እያነሱ ይነጋገራሉ። ሌላ ተአምር የለውም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስክሪን፣ ጥቂት ወንበሮች።

ሐሙስ ዕለት እኛ ውጭ ነበርን። ምን እንደተባለ ወጣቱ ሐኪም ሲወጣ ነገረን። የጨረር ሐኪሟ «ወደ ሳንባና ጉበት አለመሄዱ ታይቷል ወይ?» ብላ ጠይቃለች። አልታየም። የኬሞ ሐኪሙ «የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ተሠርቷል ወይ?» ብሏል። አልተሠራም። ቀዶ ሐኪሙ ራሳቸው «እብጠቱ ትልቅ ነው፣ ብብቷም ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ በኬሞ ይቀነስና ልቀበላት» ብለዋል። ሦስት ሰው፣ ሦስት ጥያቄ፣ ምናልባት አሥር ደቂቃ። እኛ በሦስት ወር ኮሪደር ለኮሪደር ስንሮጥ ያልተነሱ ጥያቄዎች።

የቅደም ተከተሉ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዕጢው ሲተልቅና ወደ ብብት ሲሻገር ኬሞ አስቀድሞ መስጠት ዕጢውን ሊያሳንሰው ይችላል፤ ቀዶው ይቀላል፣ መድኃኒቱ በዚያ ዕጢ ላይ መሥራት አለመሥራቱም በዓይን ይታያል። ዕጢው አስቀድሞ ከወጣ ይህ ዕድል አብሮ ይወጣል። የሆርሞን ምርመራውም እንዲሁ ነው። ካንሰሩ የሴት ሆርሞን ተቀባይ ካለው ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን በየቀኑ ለ5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወሰዳል፤ የበሽታውን የመመለስ ዕድልም በብዙ ይቀንሳል። ከሕክምናው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ግን ምርመራውን የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ክኒኑ ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም።

ምርመራው በሆስፒታሉ ስላልነበረ የእቴቴን ናሙና እኛው ወደ ግል ላቦራቶሪ ወሰድነው። በሰም ውስጥ የተቀመጠች፣ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ነገር ናት። ብሎክ ይሏታል። ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀን፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ፣ የአክስታችንን ዕጣ ቦርሳችን ውስጥ ይዘን ሄድን። ውጤቱ ሲመጣ ተቀባዩ አለ። ክኒኑ ይሠራላታል!

እሷ እንዳትሰማ

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሰው ቀርቷል። እቴቴ ራሷ።

ትልቁ አጎታችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትእዛዙ አንድ ነበር፤ «ካንሰር የሚለውን ቃል እሷ ፊት እንዳታነሱ። ትደነግጥና ትሞትብናለች።» አጎታችን ክፉ ሰው አይደለም። እናቱን በሕፃንነቱ የቀበረ ሰው ነው፤ እህቱን መርዶ ከሚመስል ቃል መጠበቁ ነው። በየቤቱ እንዲህ ይደረጋል። «ቁስል ነው፣ በመድኃኒት ይጠፋል» ይባላል።

ጠረጴዛው ግን ይህን አይቀበልም። ኬሞ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ነርስ አጎታችንን ወንበር ስባ አስቀምጣ እንዲህ አለችው፤ «አባቴ፣ ፀጉሯ ይረግፋል። ያስመልሳታል። በየ21 ቀኑ 8 ጊዜ ትመጣለች። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ በሦስተኛው ትቀራለች። ከዚያ የምንይዛት በምን እንዲሆን ነው?» አጎታችን ዝም አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ለሰው የምንተርት እኛ ነን፤ ለራሳችን ሲሆን ተረቱ ይጠፋናል።

ወጣቱ ሐኪም ነርሷ ባለችበት ነገራት። እቴቴ ሰምታ ስትጨርስ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ «ይሄን ሁሉ ጊዜ የኔን ነገር እኔ ሳልኖር ስትዶልቱ ነበር ማለት ነው?» አለች። ለካ ታውቅ ኖሯል። ወረፋ ላይ ሻሽ ያሰሩትን ሴቶች እያየች፣ የክፍሉን ስም ሰው እያስነበበች፣ ሁሉን ደርሳበታለች። ከዚያ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠየቀችው፤ በርበሬ መቀንጠስ እችላለሁ ወይ? ማዳበሪያ ማንሳትስ? የልጄ ሠርግ ለትንሣኤ ነው፣ ላራዝመው? ከእኛ መሀል አንዱም ይህን ለመጠየቅ አላሰበም። የመጨረሻው ጥያቄ የኬሞውን ቀን በአንድ ሳምንት አስገፋው። ሠርጉም ተሠረገ፣ ኬሞውም አልተቋረጠ።

በነገራችን ላይ ይህን ጥያቄ ዓለም ላይ ካነሱት ሴቶች አንዷ የሙያ ባልደረባችን ናት። ሮዝ ኩሽነር የተባለች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ በ1974 እ.ኤ.አ. ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። በዚያ ዘመን እዚያ አገር የተለመደው አሠራር እንዲህ ነበር፦ ሴትየዋ ናሙና ልትሰጥ ማደንዘዣ ትወስዳለች፣ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ እዚያው እንደተኛች ጡቷ ይወገዳል። ስትነቃ ነው የምትሰማው። ኩሽነር «ናሙናውን ብቻ ውሰዱ፤ ቀስቅሱኝና ተነጋግረን እንወስናለን» አለች። በቀላሉ የሚቀበላት ቀዶ ሐኪም አላገኘችም። እሷ ግን ጠየቀች፣ አነበበች፣ በ1975 መጽሐፍ አሳተመች። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ባለሙያዎችን ሰብስቦ ስለ ጡት ካንሰር ሕክምና ሲያስመክር እሷም ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ስብሰባውም ናሙና መውሰድና ጡት ማስወገድ በሁለት ደረጃ እንዲለያዩ መከረ። በሁለቱ መካከል የተገኘችው ያቺ ክፍተት ናት በኋላ ሐኪሞች ተሰብስበው የሚመክሩባት፣ ሴትየዋም የምትጠይቅባት። ጋዜጠኝነት ተምሮ ሥራ ያጣ ሁሉ ይህን ሲሰማ ትንሽ ደረቱን ቢነፋ አይፈረድበትም።

ሙጫዋ

ቡድን ሲባል ሐኪም ብቻ የሚመስለው አለ። እኛ ያየነው ቡድን ግን በነርሷ ነው የሚያያዘው። የደም ውጤት ሳይታይ ኬሞ እንዳይሰጥ የምታስቆመው እሷ ናት። «ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን አምጧት፤ ጠዋትን አትጠብቁ» ብላ ያስጠነቀቀችን እሷ ናት። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ተራ የሚመስል ትኩሳት ሊገድል ይችላል። ከሁለተኛው ኬሞ በኋላ አንድ ሌሊት ትኩሳቷ 38 ከ6 ሆነ። ራይድ ጠርተን ሮጥን። አምስት ቀን ተኝታ በመርፌ መድኃኒት ዳነች። ያቺን ማስጠንቀቂያ ባንሰማ ኖሮ ፓራሲታሞል ሰጥተን እናስተኛት ነበር።

ፋርማሲስቱም አለ። «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» ሲላት እቴቴ ከቦርሳዋ ጎረቤት የላከላትን አረንጓዴ ፈሳሽ በሃይላንድ ጠርሙስ አወጣች። ሐኪሞቹ አንዳቸውም አልጠየቋትም ነበር። ሳይሰድባት፣ ሳይስቅ፣ «እማማ፣ ይሄና ኬሞው ጉበትሽ ላይ እንዳይጣሉ ኬሞው እስኪያልቅ ይቀመጥ» አላት። አስቀመጠችው።

ኬሞው መሀል ላይ ሁዳዴ ገባ። እቴቴ አልበላም አለች። እንቁላልና ወተት ቢመጣላት ፊቷን ታዞራለች፣ ክብደቷ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሐኪም ምን ያደርጋል? የንስሐ አባቷ ናቸው መጥተው «ልጄ፣ ሕመምተኛ ጾም አይገደድም፤ መድኃኒቱንም እግዜር ነው ያመጣው፣ ጠበሉንም ጠጪ መድኃኒቱንም ውሰጂ» ያሏት። በማግስቱ እንቁላል በላች። ለእኛ እሳቸውም የቡድኑ አባል ናቸው። ወንበር አልተሰጣቸውም እንጂ።

ጡቷና የብብቷ ዕጢዎች በቀዶ ከወጡ በኋላ የክንዷ ነገር መጣ። የብብት ዕጢ ሲወጣ ክንድ ሊያብጥና ትከሻ ሊደርቅ ይችላል። ለቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ድኗል፣ ሥራው አልቋል። በርበሬ ነጋዴ ለሆነች ሴት ግን ቀኝ ክንድ ማለት እንጀራ ማለት ነው። ፊዚዮቴራፒስት ያገኘነው ነርሷ በስልክ ለምናልን ነው። ግድግዳ ላይ በጣት መውጣትን የመሰለ ቀላል እንቅስቃሴ አስተማራት። የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላየንም። ራሷን በመስታወት ያየች ቀን ያለቀሰችው እኛ ትከሻ ላይ ነው፤ እኛም የምንለው ጠፍቶን አብረናት አለቀስን።

ጠረጴዛ መድኃኒት ነው ወይ?

«ስብሰባ ሰው ያድናል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ስብሰባ የሰለቸው አገር ነንና ጥያቄው ይገባናል። በስኮትላንድ ግላስጎው ይህ ጥያቄ ተጠንቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. በከተማዋ አካባቢ የጡት ካንሰር ሕክምና በቡድን እንዲሰጥ ተደረገ፤ በዙሪያው ባሉ ሌሎች አካባቢዎች በነበረው ቀጠለ። ተመራማሪዎች ከ1990 እስከ 2000 በሽታው የተገኘባቸውን 13,722 ሴቶች መዝገብ አገላበጡ። ቡድኑ ከመምጣቱ በፊት የግላስጎው ሴቶች በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከጎረቤቶቻቸው በ11 በመቶ ይበልጥ ነበር። ቡድኑ ከመጣ በኋላ በ18 በመቶ አነሰ። ውጤቱ የታተመው በ2012 ነው። በአንድ አካባቢ ለውጡ የአሠራር ነበር።

ግላስጎው አዲስ አበባ አይደለችም። እዚያ ቡድኑ የወሰነው መድኃኒትና ማሽን በእጅ አለ። በእኛ አገር የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ወደ ክልል ከተሞች መውጣት የጀመረው በቅርቡ ነው። የእቴቴም የጨረር ወረፋ ወራት ፈጅቷል፤ ቦርዱ ወረፋውን አላሳጠረውም። ጠረጴዛ ማሽን አይወልድም።

ቢሆንም «ሐኪሙ ጥቂት ነው፣ ለስብሰባ ጊዜ የለንም» የሚለውን ክርክር አንቀበልም። ጥቂት ስለሆኑ ነው መነጋገር ያለባቸው! ያላግባብ የተሠራ ቀዶ አልጋ ይይዛል፣ ያልተጠየቀ ምርመራ ሦስት ወር ይበላል፣ ያልተነገራት በሽተኛ መሀል ላይ ታቋርጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት በጡት ካንሰር ላይ ካስቀመጣቸው ግቦች አንዱ ሴቶች ሐኪም ዘንድ በቀረቡ በ60 ቀን ውስጥ በሽታቸው ታውቆ እንዲያልቅ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከታማሚዎች ቢያንስ 80 በመቶዎቹ ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ። መጨረስ! እኛ እንዳየነው ለመጨረስ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ማደሪያ ያስፈልጋል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋል፣ የጤና መድን ወረቀቱ መታደስ አለበት፣ ክኒኑ ሲያልቅ የሚደወልለት ሰው ያስፈልጋል። ለእቴቴ ማደሪያዋ የእኛ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አዲስ አበባ ዘመድ የሌላት ሴትስ? ለዚህም ነው ጠረጴዛው ላይ ለማኅበራዊ ሠራተኛም ወንበር ይኑር የምንለው።

እቴቴ አሁን ደሴ ናት። ኬሞው፣ ቀዶው፣ ጨረሩ አልቋል። ታሞክሲፈኑን ማታ ማታ ትውጣለች፤ ገና ከሦስት ዓመት በላይ ይቀራታል። ማዳበሪያ የሚያነሳላት ልጅ ቀጥራለች፣ ሒሳቡንና ቅመሙን ግን ለማንም አልሰጠችም። ዳነች ብለን አንጽፍም፤ ሐኪሞቹም እንዲህ አይሉም። በየስድስት ወሩ ትታያለች።

ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን፦ አብዛኞቻችሁ በእኛ ዕድሜ ናችሁ፤ እናት፣ አክስት፣ እህት አላችሁ። አንድ ቀን ፌስታል ታቅፋችሁ ያ ኮሪደር ላይ ትቆሙ ይሆናል። ከቆማችሁ እነዚህን ጠይቁ። ጉዳይዋ በቦርድ ታይቷል ወይ? ከቀዶ በፊት የሆርሞን ምርመራው ይሠራል ወይ? ለምን ይሄኛው ሕክምና ቀደመ? ትኩሳት ቢመጣ ሌሊት ማን ጋ ነው የምንደውለው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ እሷ ታውቃለች ወይ? ማንም ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች ሊቆጣ አይገባም። ቢቆጣም ጠይቁ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የእቴቴ ሎሚ ብዙ ነበር። ነገሩ መቅለል የጀመረው ለሐኪሙ የእሱ፣ ለነርሷ የሷ፣ ለቄሱ የሳቸው፣ ለእኛም የእኛ ድርሻ ሲደርሰን ነው። ለእቴቴም የራሷ።

ቸር እንሰንብት።